ደላላው ሳጥን

የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ ሰፈራችን ከጉምሩክ ቀድሞ ያውቃል፦ ለእናቴ ቫይታሚንና የጉልበት ቅባት፣ ለልጆች ስኒከር፣ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ካልሲ። አንድ ዓመት ግን ለኔ ብሎ በፎጣ የተጠቀለሉ ሁለት ነገሮች አወጣ። አንደኛው የጆሮ ማዳመጫ ነው። እንደምናውቃቸው ክብ ክብ አይደለም፤ ሁለት የወጥ ቤት መስኮት ከነወንፊቱ ተነቅሎ በቆዳ ማንጠልጠያ የተያያዘ ይመስላል። ሁለተኛው ሳጥን ነው። መጠኑ እንደ ዳቦ፣ ክብደቱ እንደ ድንጋይ፣ ፊቱ ላይ ሁለት ሶኬትና አንድ ማብሪያ ማጥፊያ መሳይ ነገር ያለው።

“አንድ ሽማግሌ ቤታቸውን ሊለቁ ዕቃቸውን ደጃፍ ላይ ዘርግተው ሲሸጡ ነው ያገኘሁት። አንተ ሸክላ ትወዳለህ ብዬ።”

“ይሠራል?”

“አልሞከርኩትም። ካልሠራም ግን ዕቃው ያምራል።”

እናቴ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ገልብጣ አየችውና “ይኼን ጆሮህ ላይ ልታደርገው ነው?” አለችኝ። አዎ አልኳት። “ሳጥኑንስ የት ልታደርገው ነው?” ይኼን ጥያቄ ለመመለስ ስድስት ወር ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ማንም የሚያደርገውን ነው፤ ስልኬ ላይ ልሰካው ሞከርኩ። የማዳመጫው ገመድ እንደ ኮሶ ትል ጠፍጣፋና ሰፊ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ስድስት እግር አለው። ስድስት እግር ያለው ነገር ስልክ ውስጥ አይገባም። የሚገባው ሳጥኑ ውስጥ ብቻ ነው። የሳጥኑ ገመድ ደግሞ ሁለት ነው። አንዱ ግድግዳ ላይ ይሰካል። ሌላው መጨረሻ ላይ ተልጦ አራት ራቁት ሽቦ ይሆናል፤ ራቁት ሽቦ ደግሞ በእኛ ቤት ሕግ ለልጅም ለአዋቂም ክልክል ነው።

ፒያሳ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ ራዲዮ ሠሪ ነበሩ። ሱቃቸው አንድ ሰው ቆሞ ሌላው ደጅ የሚጠብቅበት ዓይነት ነው። ቲቪውም ስልኩም ከሄደ በኋላ የተረፉ የፊሊፕስ ራዲዮኖች ግድግዳውን ሞልተውታል፤ አንዳንዶቹ ባለቤታቸው ከሞተ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ወራሽ ይመጣል ብለው ያስቀምጣሉ። ሳጥኑን ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጥ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ከታች የተጻፈውን አነበቡ።

“ስታክስ። ጃፓን ነው። እንዲህ ያለውን በሥዕል እንጂ በዓይኔ አላየሁም ነበር።”

“ጋሼ፣ ይኼ ሳጥን አምፕሊፋየር ነው?”

“አይደለም። ደላላ ነው።”

ደላላነቱን ለመረዳት መጀመሪያ ማዳመጫው ለምን እንደ ሰው እንደማይሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የተለመደው ሄድፎን ውስጥ ማግኔትና የተጠቀለለ ሽቦ አለ፤ ከረንት ሲያልፍበት ሽቦው ይገፋል ይስባል፤ ከሱ ጋር የተያያዘችው ሽፋን ትንቀሳቀሳለች። የኔው ውስጥ ግን ማግኔት የሚባል የለም። ያለው ውፍረቱ የሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ የሆነ፣ ከፀጉር ብዙ ጊዜ የቀጠነ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ግራና ቀኙ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ሁለት የብረት ገጾች ቆመዋል። በጥቅምት ደረቅ አየር ናይለን ሹራብ በአናትህ ስታወልቅ ፀጉርህ ተነሥቶ ይከተለዋል አይደል? ነገሩ እሱ ነው። ስሱ ፕላስቲክ አስቀድሞ 230 ቮልት ተሞልቶ ይጠብቃል፤ ዘፈኑ በሁለቱ ገጾች ላይ ሲመጣ አንዱ ይስበዋል ሌላው ይገፋዋል። ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት የሳበው ትንፋሽ እንኳ አያመልጠውም።

ስታክስ ኩባንያ የዚህን ዓይነት ማዳመጫ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። የኔው ላምዳ የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ። ጃፓኖቹ ራሳቸው ሄድፎን ብለው አይጠሩትም፤ “የጆሮ ስፒከር” ነው የሚሉት። አራቱ ራቁት ሽቦዎችም የሚፈልጉት የስፒከር መውጫ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? አምፕሊፋየር የሚሰጠው ሌላ፣ ማዳመጫው የሚፈልገው ሌላ ነው። ራዲዮ ሠሪው በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ አሰሉልኝ። 40 ዋት የሆነ አምፕሊፋየር ባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ እስከ መጨረሻው ቢጮህ የሚያወጣው 18 ቮልት ገደማ ነው። ከረንቱ ግን ብዙ ነው፤ ከ2 አምፔር ያልፋል። ማዳመጫው ደግሞ ከረንት ቢያገኝም ባያገኝም ግድ የለውም፤ በመቶ የሚቆጠር ቮልት አምጡልኝ ነው የሚለው።

“አንዱ ጉልበት አለው፣ ቁመት የለውም። ሌላው ቁመት እንጂ ጉልበት አይፈልግም። ፊት ለፊት ብታገናኛቸው አይግባቡም። ይኼ መኻል ገብቶ ቮልቱን ሃያ አምስት ጊዜ ቢያባዛው 18ቱ 450 ይሆናል። ከረንቱ በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ለሱ ደግሞ ማዳመጫው ደንታ የለውም። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ።”

“ደላላውስ ምን ይጠቀማል?”

“ኮሚሽኑን ይቆርጣል እንጂ! በነጻ የሚያገናኝ ደላላ ፒያሳ ውስጥ አይተህ ታውቃለህ? ከወፍራሙ ድምፅ ከሥሩ፣ ከቀጭኑ ደግሞ ከጫፉ ትንሽ ትንሽ ይነጭልሃል። ትራንስፎርመር ሁሉ እንደዚያ ነው።”

ሳጥኑ ውስጥ ለግራና ለቀኝ አንድ አንድ ትራንስፎርመር አለ። የግድግዳው ገመድ የሚያስፈልገው ለዘፈኑ ሳይሆን ለዚያ ለ230 ቮልት ሙሌት ነው። ዘፈኑ ሙሉ በሙሉ የሚመጣው ከአምፕሊፋየሩ ነው። ማለትም በራሴ ጆሮ ውስጥ ሹክሹክታ ለመስማት አዳራሽ የሚያናውጥ ማሽን መግዛት አለብኝ። ደላላ ቤት ሊያሳየን ሲወስደን ሁልጊዜ ከጠየቅነው የሚበልጥ ቤት እንደሚያሳየን ያኔ ትዝ አለኝ።

ሌላው ጉድ ሳጥኑ አሜሪካዊ መሆኑ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚፈልገው 110 ነው፣ የኛ ግድግዳ 220። ከውጭ የመጣ ዕቃ በዚህች ልዩነት ስንቱ ቤት ውስጥ እንደ ርችት እንደፈነዳ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። የጎረቤቴ ልጅ፣ ሚኒባስ የሚነዳው፣ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ወሬውን ሲሰማ ስለነበር መፍትሔ አመጣ።

“ማዳመጫው የሚፈልገው 230 አይደል? ግድግዳው 220 ነው። በቀጥታ እንስጠው! 10 ቮልት ብትጎድል ማን ያያል?”

ራዲዮ ሠሪው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። “የግድግዳው መብራት በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። ይኼ የሚፈልገው አንድ ቦታ ቆሞ የሚጠብቅ ነው። የተመላላሹን ብትሰጠው በስንት ዕድል ጆሮህ ውስጥ ወፍጮ ቤት ትከፍታለህ። ዕድል ካልቀናህ ደግሞ እናትህ ቤት ድንኳን ይተከላል።”

ስለዚህ መንገዱ እንዲህ ሆነ፦ የግድግዳው 220 በሌላ ትራንስፎርመር ወደ 110 ይወርዳል፤ ሳጥኑ ያንን ተቀብሎ እንደገና ወደ 230 ያወጣዋል። ከፒያሳ አራት ኪሎ ለመሄድ በአውቶቡስ ተራ እንደ መዞር ነው። ግን በየመሥሪያ ቤቱ ፊርማ ስንለቅም የኖርን ሰዎች ስለሆንን ይኼ አላስገረመኝም።

ትራንስፎርመሩንና አምፕሊፋየሩን ፍለጋ መርካቶ ወረድኩ። ሰዎች ይረሱታል እንጂ የከተማው ትልቁ ገበያ ድሮ እዚሁ አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ነበር። ጣሊያን ገብቶ ለአገሬው የሚሆን ገበያ ብሎ ወደ ምዕራብ አዞረውና እዚህ ፒያሳ የሚለውን ስም ትቶልን ሄደ። ስለዚህ የአራዳ ልጅ አንድ ብሎን ሲቸግረው መርካቶ የሚወርደው የገዛ ገበያውን ፍለጋ ነው። እኔም ምናለሽ ተራ ገባሁ፤ ዓለም የጣለውን ሁሉ ቆርጦ፣ ቀጥቅጦ፣ አቅንቶ የሚሸጠው ሰፈር። ትራንስፎርመሩ ወዲያው ተገኘ። አምፕሊፋየሩን ለማግኘት ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ነጋዴ የበሰበሰ ካርቶን ሥር ቆፍሮ ሳንሱይ የሚባል አምፕሊፋየር አወጣ፤ አቧራውን በክርኑ ጠረገለት።

“ወንድም፣ ይኼ አዳራሽ ያናውጣል! ለስንት ሰው ሠርግ ነው?”

“ለአንድ ሰው ነው።”

“ሙሽራው ብቻውን ነው እንዴ?”

ለጆሮ ማዳመጫ እንደምፈልገው ስነግረው ከልቡ አዘነልኝ። ዋጋውን የቀነሰልኝ ተከራክሬ ያሸነፍኩት መስሎኝ ነበር፤ ዘወር ስል ለጎረቤቱ “ምስኪን” ሲል ሰማሁት።

የመጀመሪያው ማታ ሁሉንም አገናኘሁ። ሸክላ ማጫወቻው ወደ ሳንሱይ፣ ሳንሱይ ወደ ሳጥኑ፣ ሳጥኑ ወደ ማዳመጫው፤ ትራንስፎርመሩ ዲቫይደሩ ላይ፣ ዲቫይደሩ ግድግዳው ላይ። ጠረጴዛዬ ከመስቀለኛ መንገድ ላይ የመብራት ምሰሶ አይለይም። እናቴ በር ላይ ቆማ “በስመ አብ” አለችና እንዳልወድቅ ይሁን እንዳልቃጠል ባይገባኝም ጫማ እንዳደርግ አዘዘችኝ። ጫማዬን አድርጌ፣ ማዳመጫውን አድርጌ፣ አንዲት ትንሽ ሸክላ አስቀመጥኩ።

ሸክላዋ ከአምሃ ሪከርድስ ናት። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ድርጅቱን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ቴያትር ቤት ብቻ ነበር። ይኼን እያወቀ ገባበት። ከዓለማየሁ እሸቴ ጀመረና እስኪዘጋው ድረስ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ፣ መቶ ሦስት ትንንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ትልልቅ አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ህንድ ታትመው ነው የመጡት። የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው፤ ጃፓኖቹ የጆሮ ስፒከራቸውን መሸጥ ከጀመሩ ያኔ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለቱ ዕቃዎች በአንድ ዘመን ኖረው፣ አንዱ ዋሽንግተን ሌላው አዲስ አበባ አርጅተው፣ የተገናኙት ከብዙ ዓመት በኋላ እኔ ጠረጴዛ ላይ፣ በደላላ ነው።

መርፌዋ ስትወርድ መጀመሪያ የሰማሁት ሽሮ ሲንተከተክ ነው። የሃምሳ ዓመት አቧራ ነው። ከዚያ ባንዱ ገባ፤ አልተንቀሳቀስኩም። ይኼን ዘፈን በቴፕ፣ በታክሲ፣ በሠርግ፣ በሙዚቃ ቤት በር ላይ አንድ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሳክስፎን ነፊው ከመንፋቱ በፊት የቁልፎቹን ቀጭ ቀጭታ ግን ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሰው በእግሩ ወለሉን ይመታል። ዘፋኙ አንድ ቃል ላይ ሊደርስ ሲል ምራቁን ይውጣል። ከኋላ፣ በጣም ከሩቅ፣ ወንበር ይንቋቋል። እነዚያ ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው ተቀምጠው ነበር፤ አሁን ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ጥግ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ከሁሉ ያሳፈረኝ ሁለተኛው ስንኝ ላይ የምትሰማ “ጭርር” ናት። አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ ሸክላዋን እንደ ስኒ ማስቀመጫ ስጠቀምባት ያተምኩት ጭረት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔው ዘመዴ ሆኖ ወንጀሌን አስታወሰኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ባለሚኒባሱ ጎረቤቴ ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። የመኪናውን አምፕሊፋየርና አሮጌ ባትሪ ተሸክሟል። “ይኼ የሳንሱይ ነገር ሽማግሌ ነው፤ በኔው እንሞክረው” አለ። ከስልኩ ዘፈን ለቅቀን፣ የመኪናውን አምፕሊፋየር ባትሪው ላይ አስረን፣ ሳጥኑን ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ትተን ሞከርን። ለታክሲ የተሠራ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ “ሜክሲኮ፣ ሳር ቤት!” የሚል ነበር የመሰለኝ፤ ግን ሠራ። በዚያው መኻል መብራት ሄደ።

ሰፈሩ ጨለመ፤ ልጆች እንደ ልማዳቸው ጮኹ። ዘፈኑ ግን አልሄደም። አምፕሊፋየሩ በባትሪ ነው፤ ማዳመጫው ላይ ያ የተሞላው ቮልት ደግሞ የሚፈስበት ቀዳዳ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከረንት አያባክንምና እዚያው ተጠራቅሞ ይቆያል። በጨለማው ውስጥ ሁለታችንም አንድ አንድ ጆሮ ተካፍለን አዳመጥን። ድምፁ እንደ ጧፍ ቀስ እያለ እያነሰ ሄደ። በእኔ ሕይወት ውስጥ መብራት ሲሄድ ተሰናብቶ የሄደው ያን ቀን ብቻ ነው።

ክረምት ሲገባ ችግር መጣ። ሐምሌ ውስጥ የማዳመጫው ግራ ጆሮ ደከመ፤ ዘፋኙ ወደ ቀኝ ተጠጋና ልክ የታክሲ የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ሲጨመር እንደሚሆነው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ራዲዮ ሠሪው ዘንድ ልሄድ አልኩ፤ ግን ሱቁ የለም። በ2016 ዓ.ም. ከዶሮ ማነቂያ ጋር ከፈረሱት የፒያሳ ቤቶች አንዱ ነበር። እሳቸው አሁን ከተማው ጫፍ ላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ራዲዮኖቹን በረንዳ ላይ ደርድረዋቸው ኔትወርክ ፍለጋ ስልካቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ይመጣሉ። ደወልኩላቸው።

“ርጥበት ነው። ሙሌቱን ያፈስበታል። ምንም አትንካው። ሌሊቱን ሙሉ ሰክተህ ተወው፤ ይሞቃል፣ ይሞላል።”

“ሰዎች ጤፍ ውስጥ ቅበረው ብለውኝ ነበር።”

“ቅበረውና እንጀራ ጋግርበት!” ብለው ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉና “ፒያሳ እንዴት ናት?” ሲሉ ጠየቁኝ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል አልኳቸው። “ጫጫታውስ?” አሉ። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። የእሳቸው ዘመን ፒያሳ ሙዚቃ ቤቶች ስፒከራቸውን ወደ መንገዱ አዙረው እርስ በርስ የሚጯጯሁባት ናት። ማህሙድ ሙዚቃ ቤት በር ላይ የተቀጣጠረ ሰው የሚጠብቃት ልጅ ብትቀርበት እንኳ አንድ ካሴት ሙሉ በነጻ ሰምቶ ይመለስ ነበር። ለብቻ መስማት የሚባል ነገር አልነበረም። ማንም ሰው ምን እንደሚሰማ ሰፈሩ ያውቃል፤ ፍቅር እንደያዘውም፣ እንደተለየችውም ከዘፈኑ ይታወቃል።

ግራው በሦስተኛው ሌሊት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሙሉ ሁለት ወር እሑድ እሑድ ማዳመጫዬን አድርጌ ተዘጋሁ። አንድ እሑድ በር ተንኳኳ። በግድግዳ የምንዋሰናቸው እትዬ ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸው ከብዶ።

“ልጄ፣ ደህና ነህ?”

“ደህና ነኝ እትዬ፤ ምነው?”

“ታምመህ እንደሆነ ብዬ ነው። ወይ ማጫወቻህን ሸጠኸው እንደሆነ። ሁለት ወር ሆነኝ ቡና ያለ ዘፈን ስጠጣ።”

ነገሩን ያወቅሁት ያኔ ነው። የእኔና የእሳቸው ግድግዳ ጭቃ ነው፤ እኔ እሑድ ጠዋት የማስቀምጣትን ሸክላ እሳቸው ለአሥራ ሰባት ዓመት ቡና ሲቆሉባት ኖረዋል። አንድ ቀን እንኳ አላሉኝም። አስገብቼ አስቀመጥኳቸውና ስለ ሳጥኑ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ስለ ስሱ ፕላስቲክ፣ ስለ ሁለቱ ገጾች፣ ስለ ደላላው። በትዕግሥት ሰሙኝና “እስቲ” አሉ፤ ማዳመጫውን ሻሻቸው ላይ አደረግሁላቸው። ሸክላዋን ከመጀመሪያ አስነሣሁ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። አልተንቀሳቀሱም። ዘፈኑ ሲያልቅ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

“ይኼ ልጅ ያለቅሳል እንዴ?” አሉ። “በግድግዳ ስሰማው እኮ የሚስቅ ነበር የሚመስለኝ።”

“አይወዱትም?”

“ይወደዳል። ግን እንዲህ ከቀረበኝ ቡናው ያርርብኛል።”

ሳጥኑ ፊት ላይ ያለችው ማብሪያ ማጥፊያ መሳይ ማዞሪያ ለምን እንደተሠራች ልብ ብዬ ያየኋት ያን ቀን ነው። ሽማግሌዎቹ ጃፓኖች ነገሩን አስበውበታል፤ ስፒከሮችህን ከሳጥኑ ጀርባ ታስራለህ፣ ማዞሪያዋን ወደ አንዱ ስትገፋ ጆሮህ፣ ወደ ሌላው ስትገፋ ሰፈሩ። ስፒከሮቼን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ከነአቧራቸው አሰርኳቸው። አሁን ቅዳሜ ማታ የኔ ነው። እሑድ ጠዋት ግን ረፋዱ ላይ ግድግዳው ሦስት ጊዜ ይመታል፤ እኔም ማዳመጫዬን አውልቄ ማዞሪያዋን እገፋታለሁ።

ባለፈው እሑድ ከገፋኋት በኋላ ድጋሚ ተመታ። የበዛባቸው መስሎኝ ቀነስኩ። ከግድግዳው ማዶ ድምፃቸው መጣ፦

“ኧረ ከፍ አድርገው! ቡናው እየተንጣጣ አላሰማኝ አለ!”